የምጠብቃቸው ሴትዮ ኬሪ ዋልሽ ኬሪ ዋልሽ እያሉ ፈጁኝ፣ የምታውቁ አስረዱኝ

ሆምኬሯ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እኔ ካሊፎርኒያ ነው ያለሁት፣ ማታ ማታ አንዲት የ84 ዓመት ሴትዮ እጠብቃለሁ። ጭንቅላታቸው እንደ ምላጭ ነው፣ እግራቸው ብቻ ነው እምቢ ያላቸው። እና ሲመሽ ዜና የለ ፊልም የለ፣ ዩትዩብ ላይ የድሮ የቢች ቮሊቦል ጨዋታ ነው የምከፍትላቸው። የለንደን ኦሎምፒክን ፋይናል ብቻ ከሀያ ጊዜ በላይ አብሬያቸው አይቼዋለሁ ብል አልዋሸሁም፣ አሁን አሁንማ ኳሷ ሳትወድቅ ነጥቡን ቀድሜ መናገር ጀምሬያለሁ። ረጅሟ ኬሪ ዋልሽ ትባላለች፣ እሷ በዘለለች ቁጥር ሴትዮዋ አልጋው ላይ ትከሻቸው አብሮ ይነሳል።

ባለፈው ሳምንት ግን ዝም ብዬ ሪዮ 2016 የሚለውን ስከፍት እንደ ዝንብ በእጃቸው አባረሩት፣ አጥፊው አሉኝ፣ ከዛ ሾርባቸውንም ሳይጨርሱ ተኙ። ምን አጠፋሁ? ሪዮ ላይ ምን ሆና ነው? አብራት የምትጫወተው አጭሯስ ማናት? ደግሞ ለራሴ የምጠይቀው፣ እነዚህ ሰዎች ደሞዝ አላቸው ወይስ ኦሎምፒክ እስኪደርስ ሌላ ስራ ይሰራሉ? እኔ ስለ ኳስ የማውቀው ዘጠነኛ ክፍል አፍንጫዬን የመታችኝን ብቻ ስለሆነ ቀለል አድርጋችሁ።

የሸገሩ_ልጅ፦
ባህር የሌለው አገር ልጆች ስለ ባህር ዳርቻ ኳስ ሲወያዩ ማየት 😂

የድሮ_መቺ፦
ላንጋኖ ሄደህ አታውቅም ማለት ነው @የሸገሩ_ልጅ፣ እዛ መረብ ተዘርግቶ በባዶ እግር ስንሯሯጥ ነው ያደግነው።

ሆምኬሯ እህቴ ትክክለኛ ቦታ ነው የመጣሽው፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ መረብ ኳስ ተጫውቻለሁ፣ ሙገር ሲሚንቶ ሲጫወት ካልገባሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነበርኩ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳትደናገሪ።

ኬሪ ዋልሽ በ1978 ሳንታ ክላራ ካሊፎርኒያ ነው የተወለደችው፣ ስለዚህ ለሴትዮሽ የሰፈር ልጅ በያት። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ 1996 እና 1997 ላይ የኮሌጅ ሻምፒዮን ሆናለች፣ ያኔ የምትጫወተው አዳራሽ ውስጥ ያለውን ስድስት ለስድስቱን ነው። ሲድኒ 2000 ላይም ለአሜሪካ የአዳራሹን ቡድን ይዛ ሄዳ አራተኛ ወጡ። አራተኛ ማለት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ አልቅሰሽ የምትመለሽበት ቦታ ነው። ከዛ በ2001 ነው ወደ አሸዋ የመጣችው።

አጭሯ ያልሻት ሚስቲ ሜይ ናት፣ አጭር ስልሽ ደግሞ 1 ሜትር ከ75 ናት፣ እኛ ሰፈር ብትመጣ ረጅሟ ነበር የምትባለው። እሷም ካሊፎርኒያ ናት። አባቷ በ1968 ሜክሲኮ ኦሎምፒክ ለአሜሪካ መረብ ኳስ ተጫውቷል፣ አዎ የኛ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈበት ኦሎምፒክ። ልጅቷ ሎንግ ቢች ስቴት እያለች የ1998ቱን ዓመት 36 ጨዋታ ተጫውተው 36ቱንም አሸንፈው ጨረሱት፣ ለመቺዎቹ ኳስ የምታመቻቸው እሷ ነበረች። ሲድኒ ላይ ከሆሊ ማክፒክ ጋር አሸዋው ላይ ተጫውታ አምስተኛ ሆናለች።

እንግዲህ አራተኛና አምስተኛ ሆነው የተመለሱ ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አቴንስ 2004 ወርቅ፣ ቤጂንግ 2008 ወርቅ፣ ለንደን 2012 ወርቅ። በሶስቱ ኦሎምፒክ 21 ጨዋታ ተጫውተው 21ዱንም አሸነፉ፣ የተሸነፉት አንድ ሴት ብቻ ነው እሱንም ለንደን ላይ በኦስትሪያዎቹ። (ሴት ስል የጨዋታውን ሴት ነው፣ 21 ነጥብ የሚሞላውን፣ ሴት አልልም ካልኩ ደግሞ ምን ልበለው)። 43 ተጫውተው 42 ማለት ነው። ቤጂንግ ላይ ፋይናሉ ከቻይናዎቹ ጋር በዝናብ ነበር፣ አሸዋው ጭቃ ሆኖ፣ 21 ለ 18፣ 21 ለ 18። ያቺን አላየሽ ከሆነ ክፈችላቸው አይቆጡሽም።

የሸገሩ_ልጅ፦
ሴት አልልም ካልኩ ምን ልበለው 😂😂 ገደልከኝ

ጎርዶን_ቢች፦
እኔ ቴላቪቭ ነው የምኖረው፣ አርብ አርብ ጎርዶን ቢች ላይ ከልጆች ጋር እጫወታለሁ (እጫወታለሁ ከተባለ)፣ እና ስለ አሸዋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አዳራሽ ውስጥ የምትዘሉት ዝላይ አሸዋ ላይ የለም። መሬቱ ይውጣችኋል። መጀመሪያ ቀን የመጣሁ ጊዜ ዘልዬ እጄ መረቡ አፍ ላይ ሳይደርስ ኳሷ ከኋላዬ ወድቃለች፣ ማታ ደግሞ ባቴ ቋጥሮ አላስተኛኝም። ሜዳው ከአዳራሹ ትንሽ ያንሳል፣ 8 በ 16 ሜትር ነው፣ ግን ያንን የምትሸፍኑት ሁለት ሰው ሆናችሁ ነው፣ ተቀያሪ የለም፣ ቁርጭምጭሚትሽ ቢወለምም አንቺው ነሽ። ፀሀዩ ንፋሱ ለሁለቱም ቡድን እኩል እንዲደርስ ተብሎ በየ 7 ነጥቡ ቦታ ትቀያየራላችሁ። በነዚህ ሴቶች ዘመን አሰልጣኝ ከጎን ቆሞ እንዲህ አድርጊ ማለት ክልክል ነበር፣ ስለዚህ የምትመካከሪው ከጓደኛሽ ጋር ብቻ ነው።

ሴትዮሽን ማስደነቅ ከፈለግሽ ደግሞ ይሄን ንገሪያቸው፦ ሰርቭ (ጨዋታው የሚጀመርበት ምት) ከመመታቱ በፊት መረቡ ስር የቆመችዋ እጇን ከጀርባዋ አድርጋ ጣት ታሳያለች አይደል? እሱ ለጓደኛዋ ነው። አንድ ጣት ከሆነ ዘልዬ በጎን መስመሩ በኩል የሚመታውን እዘጋለሁ አንቺ በሰያፍ የሚመጣውን ያዢ፣ ሁለት ከሆነ ሰያፉን እዘጋለሁ፣ ጭብጥ ከሆነ አልዘልም ወደ ኋላ እመለሳለሁ ማለት ነው። ኬሪ ናት ሁሌ የምታሳየው፣ ሚስቲ ናት ከኋላ አንብባ የምትሮጠው።

እና ይቅርታ አድርጉልኝ እንጂ ለኔ ሚስቲ ትበልጣለች። ኬሪ ቁመት አላት፣ ግድግዳ ናት እሺ። ሚስቲ ግን ኳሱ ከመመታቱ በፊት ቦታው ላይ ተገኝታለች። ካሜራ ሁሌ የሚያሳየው የሚዘለውን ነው።

የድሮ_መቺ፦
ይሄን ክርክር ጠብቄው ነበር። ወንድሜ ኬሪ ባትኖር መቺዋ በፈለገችበት ቦታ ትመታዋለች፣ ሚስቲ የቱ ጋ እንደምትቆም የምታውቀው ኬሪ ግማሹን ሜዳ ስለዘጋችላት ነው። እንደ በረኛና ተከላካይ ነው፣ ለይተህ አታወዳድራቸውም።

ግን ወደ ሪዮው ጥያቄ ስንመጣ ሚስቲ ትበልጣለች ያልከውን ትንሽ ማመን ሊኖርብኝ ነው መሰለኝ። ሚስቲ ከለንደን በኋላ አቆመች። ኬሪ ደግሞ ለንደን ላይ ወርቁን ስትወስድ የ5 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሶስተኛ ልጇን፣ ኋላ ነው የተናገረችው። ወለደችና በ2013 ከኤፕሪል ሮስ ጋር ጀመረች። ኤፕሪል ሮስ ማለት ሆምኬሯ አንቺ ከሀያ ጊዜ በላይ ባየሽው የለንደን ፋይናል ከመረቡ ማዶ ሆና ከጄን ኬሲ ጋር የተሸነፈችው ናት! 21 ለ 16፣ 21 ለ 16። ሰው ያሸነፈችውን ጓደኛ ማድረግ ትችላለች በቃ።

ከዛ ትከሻዋ መጣ። ቤጂንግ ጊዜ ትከሻዋ ላይ የለጠፈችውን ጥቁር ፕላስተር አይተሽዋል? ያኔ ዓለም ሁሉ ምንድነው ብሎ የጠየቀው እሱ ነው፣ ከዛ በኋላ ሁሉም ስፖርተኛ መለጠፍ ጀመረ። 2015 ላይ ትከሻዋ ወለቀ፣ አንዴም አይደለም፣ ውድድር ላይ እንደ ሰፈር ልጅ ኳሷን ከስር እየመታች ሰርቭ ስታደርግ፣ በግራ እጇም ስትመታ ነበር፣ የሶስት ጊዜ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን እኮ ናት። እኛ አገር ቢሆን ወጌሻ ጋ ወስደው አሽተው ይመልሷት ነበር 😅። ለአምስተኛ ጊዜ ኦፕሬሽን ተደርጋ ነው በዓመቱ ሪዮ የሄደችው።

ሪዮ ኮፓካባና ላይ፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ ህዝቡ በሙሉ ብራዚል። አጋታና ባርባራ ሰርቩን ማን ላይ ጣሉ? ኬሪ ላይ። ቢች ቮሊቦል ክፋቱ እዚህ ጋ ነው፣ ሰርቭ የተቀበለው ሰው ራሱ ነው ዞሮ የሚመታው፣ ስለዚህ አንድ ሰው ከመረጡ ያንኑ ሰው እስኪያልቅ ነው የሚመቱት፣ አዳራሽ ውስጥ ቢሆን ሌላ ሰው ይሸፍንሻል። ኬሪ ኳሱን መቀበል አቃታት፣ እጇ ላይ እያረፈ ወደ ጎን ይሄዳል። 22 ለ 20፣ 21 ለ 18። ከአቴንስ ጀምሮ 26 ጨዋታ ኦሎምፒክ ላይ ተሸንፋ የማታውቅ ሰው በዛች ሌሊት ተሸነፈች። ሴትዮሽ ያባረሩት ዝንብ ይሄ ነው።

ጎርዶን_ቢች፦
እና ኳስ የምትቀበል የምታነሳ ሚስቲ ብትኖርስ? ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት 😏

እናት_ዓለም፦
ልጆች ይቅርታ ላቋርጣችሁና፣ እኔ ጨዋታውን እወደዋለሁ ግን ልብሱ ያሳፍረኛል፣ ከልጆቼ ጋር ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። ደግሞ ቁምጣ ስለለበሱ አስቀጧቸው የሚባለውስ እውነት ነው? ሴቶቹ ፈልገው ነው ወይስ ተገደው ነው የሚለብሱት?

ቁጥር_ወዳጅ፦
እናታችን ሁለት ነገር ነው የተቀላቀለብዎት። የተቀጡት የኖርዌይ ሴቶች ናቸው፣ በ2021፣ 1,500 ዩሮ፣ ግን እነሱ ቢች ሀንድቦል ነው የሚጫወቱት ቮሊቦል አይደለም። የቮሊቦሉ ፌደሬሽን እስከ 2012 ድረስ እውነትም ቢኪኒ ወይም አንድ ወጥ የዋና ልብስ ነበር የሚያዘው፣ ለንደን ኦሎምፒክ ሊደርስ ሲል ግን ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል ቁምጣና እጅጌ ያለውም የሌለውም ቲሸርት ፈቀደ። አሁን ምርጫቸው ነው። ብዙዎቹ አሸዋ ልብስ ውስጥ ስለሚገባ ትንሹን እንመርጣለን ይላሉ፣ ያም ሆኖ ሪዮ ላይ ግብፃዊቷ ዱዓ አልጎባሺ ሂጃብ አድርጋ ረጅም ሱሪ ለብሳ ተጫውታለች፣ ከጀርመኗ ጋር መረብ ላይ ሲዘሉ የተነሳው ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ጀርመኖቹ ናቸው መጨረሻ ላይ ወርቁን የወሰዱት። ለጠቅላላ እውቀት ቶኪዮ ላይ ጎረቤታችን ኬንያም ሁለት ሴቶች አሰልፋለች፣ ማኮካና ካዳምቢ። አላሸነፉም፣ ግን ቆመዋል።

እናት_ዓለም፦
እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ሂጃብ አድርጋ የዘለለችውን ፈልጌ አየኋት፣ እሷንስ ከልጆቼ ጋር አየኋት።

ቁጥር_ወዳጅ፦
የደሞዙን ጥያቄ ማንም አልመለሰም ስለዚህ እኔ ልሞክር። ደሞዝ የለም። እንደ እግር ኳስ ክለብ አስፈርሞሽ በየወሩ የሚከፍልሽ የለም፣ ስታሸንፊ ሽልማት ነው፣ ያም ለሁለት ይካፈላል፣ ከዛ ላይ አሰልጣኝ አለ ፕሌን አለ ሆቴል አለ። ደረጃሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ማጣሪያ ገብተሽ አንድ ቀን ተሸንፈሽ በራስሽ ወጪ ወደ ቤት ነው። ኑሮው ያለው ስፖንሰር ላይ ነው፣ ስፖንሰር ደግሞ የሚመጣው ኦሎምፒክ ላይ ከታየሽ ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ። በነሱ ጊዜ የአሜሪካ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ለወርቅ የሚሰጠው 25,000 ዶላር ነበር ለእያንዳንዳቸው፣ አሁን 37,500 ገብቷል። ለአራት ዓመት ልፋት አስቡት።

የአገር ውስጡ ውድድር ኤቪፒ የሚባለው ነው፣ ከ1983 ጀምሮ ያለ፣ እሱም 2010 ላይ ገንዘብ አልቆበት ወቅቱ ሳያልቅ ተዘጋ። የዓለም ምርጦቹ ተጫዋቾች እኮ ናቸው በመሀል አገራቸው ላይ የሚጫወቱበት ያጡት። በኋላ ሌላ ባለቤት አግኝቶ ቆመ። ኬሪ ደግሞ 2017 ላይ ውሉ አልተስማማኝም ብላ አልፈርምም አለች፣ ኤፕሪል ፈረመች፣ ሁለቱም እዛው ተለያዩ። ኬሪ ከባሏ ጋር የራሷን ውድድር ጀመረች፣ ፒ1440 ብላ፣ ቀኑ ውስጥ 1440 ደቂቃ አለ ለማለት ነው። በኔ እይታ እዚህ ጋ ተሳስታለች፣ ግን የገንዘቡን ነገር ጮክ ብላ የተናገረች እሷ ስለሆነች አልፈርድባትም። ኤፕሪል ሮስ በ39 ዓመቷ ቶኪዮ ላይ ከአሊክስ ክላይንማን ጋር ወርቁን ወሰደች፣ ብር ነሀስ ወርቅ ሙሉውን ሰበሰበች። ኬሪ በ42 ዓመቷ ከብሩክ ስዌት ጋር ለቶኪዮ ስትታገል ነበር፣ ከአንድ አገር ሁለት ጥንድ ብቻ ነው የሚገባው፣ መጨረሻ ላይ ወጣቶቹ ክሌስና ስፖንሲል ቀደሟቸው።

የሸገሩ_ልጅ፦
112 ዋንጫ በተከታታይ በሉ የሚባለውስ?

ቁጥር_ወዳጅ፦
ሁለት 112 አለ አታምታታው ወንድም። አንዱ 2007 እና 2008 ላይ ኬሪና ሚስቲ በተከታታይ ያሸነፉት 112 ጨዋታ ነው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ማለት ነው ማንም ሳይነካቸው። ሌላው ሚስቲ ስታቆም የነበራት የዋንጫ ብዛት፣ እሱም 112። ይቺን ኬሪ በ2013 አልፋታለች።

ጎርዶን_ቢች፦
አልፋታለች በላ፣ እንደሱ ከሆነ እኔም ከአሁን ጀምሮ እስከ 60 ዓመቴ ብጫወት... ይሁን ተውኩት። 

ስለ ሚስቲ ግን ያልተባለ አለ። እናቷ በ2002 በካንሰር ነው ያረፈችው፣ አቴንስ ላይ ሲያሸንፉ ከእናቷ አመድ ትንሽ ይዛ መጥታ ነበር፣ አሸዋው ላይ በተነችው። ቤጂንግም እንደዛው። ለኛ እንግዳ ነገር ነው፣ እኛ አፈር አልብሰን ነው የምንለየው፣ እኔ ግን ያንን ካነበብኩ በኋላ ከጨዋታው በኋላ አሸዋው ላይ ስትንበረከክ ሳያት ሌላ ነገር ነው የማየው። ደግሞ ያው 2008 መጨረሻ ላይ ቲቪ ላይ ዳንስ ውድድር ገብታ ልምምድ ላይ የተረከዟ ጅማት ተበጠሰ። ሁለት ወርቅ ይዛ በዳንስ! ከዛ ድና ነው ለንደንን ያሸነፈችው።

የድሮ_መቺ፦
ቤጂንግ ካልን የኬሪ ቀለበት! የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ብሎክ ስታደርግ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ተፈናጥሮ አሸዋ ውስጥ ገባ፣ በጎ ፈቃደኞቹ ብረት በሚፈልግ ማሽን ፈልገው አገኙላት። ሆምኬሯ ይቺን ለሴትዮዋ ንገሪያቸው፣ ካላወቋት ነጥብ አስቆጠርሽ።

እኔ ደግሞ ትላንት ስተኛ የመጣልኝን ልንገራችሁ። ጥሩነሽ ዲባባን አስቡ። ቤጂንግ ሁለት ወርቅ፣ ለንደን አንድ ወርቅ፣ ወልዳ ተመልሳ ሪዮ ላይ በ10 ሺህ ነሀስ፣ አልማዝ አያና የዓለም ሪከርድ በሰበረችበት ሩጫ። ኬሪም ሶስት ወርቅ፣ ወልዳ ተመልሳ ሪዮ ላይ ነሀስ። ያው ከተማ፣ ያው ሳምንታት። እኛ ጥሩነሽ ነሀሱን ስትይዝ ምን ተሰማን? እኔ አልቅሻለሁ፣ ግን ሀዘን አልነበረም። ሴትዮዋ ግማሽ ፍጻሜውን አጥፍተው ስለተኙ ከዛ በኋላ ያለውን አላዩትም ማለት ነው፣ በማግስቱ ለነሀሱ ከላሪሳና ከታሊታ ጋር ተጫውተዋል፣ እነሱም ብራዚል ናቸው፣ ያው ህዝብ ያው ጩኸት፣ ያው ሰርቭ ኬሪ ላይ። የመጀመሪያውን ሴት 21 ለ 17 ተሸነፉ፣ ሁለተኛውን 21 ለ 17 አሸነፉ፣ ሶስተኛውን 15 ለ 9። እሱን ክፈችላቸው።

ሆምኬሯ፦
እናንተ ሰዎች እንዴት ነው የማመሰግናችሁ። ሰሞኑን ፈረቃ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት።

መጀመሪያ የቀለበቷን ነገርኳቸው፣ አወቋት፣ እንዲያውም እኔ ሳልጨርስ ጨረሱልኝ። የጣቱን ነገር ግን አላወቁም!! አሁን መድሀኒት ስሰጣቸው እጄን ከጀርባ አድርጌ አንድ ጣት ወይ ሁለት ጣት አሳያቸዋለሁ፣ ስንት ኪኒን እንደሆነ ለማለት፣ ይስቃሉ። ሚስቲ ናት ወይስ ኬሪ የምትበልጠው ብዬም ጠየቅኳቸው ለጎርዶን ቢች ብዬ፣ እናትሽና አባትሽ ማን ይበልጣል አሉኝ።

ከዛ ጥሩነሽን አሳየኋቸው፣ የለንደኑን 10 ሺህ። መጨረሻ ላይ ስትፈተለክ እንደ ኬሪዋ ትከሻቸው ተነሳ ማሪያምን። ዘመድሽ ናት ወይ አሉኝ፣ አዎ አልኩ፣ ይቅር ይበለኝ። ከዛ ይቺ ልጅም ሪዮ ላይ ነሀስ ነው ያገኘችው ኬሪም ነሀስ ነው ያገኘችው ስላቸው ዝም አሉ ትንሽ፣ ከዛ ክፈቺው አሉኝ። ከፈትኩት። የመጀመሪያው ሴት ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፣ ሁለተኛው ላይ ተመለሱ፣ ሶስተኛው ላይ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ብቻዬን ነው ያየሁት፣ ሳላስበው ስጮህ እንዳላነቃቸው አፌን በትራስ ይዤ።

ጠዋት ቡና ሳቀርብ ማን አሸነፈ አሉኝ። ነገርኳቸው። ዛሬ ማታ ከሶስተኛው ሴት ጀምሪልኝ ብለዋል።

እና አንድ ሌላ፣ አሁን ደግሞ ካርች ኪራሊ የሚባል ሰውዬ ጀምረውኛል። ማነው እሱ?

የድሮ_መቺ፦
ወይ ጉድ። በአዳራሽም በአሸዋም ወርቅ የወሰደ ሰው ነው እህቴ፣ እሱ ሌላ ሌሊት ይፈልጋል፣ አዲስ ፖስት ክፈቺለት።